ሱሉልታ አድረሽ በእሳት ላይ ፍራፍሬ ልትሰሪ ላሰብሽው እህቴ

ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሱሉልታ በኩል ልናድር ነው፣ በካምፕ እሳት የሚሰራ የፍራፍሬ ዲዘርት ንገሩኝ ላልሽው እህቴ፣ አምና እኔ ቤተሰቤን ይዤ ሄጄ የደረሰብኝ አንቺ ላይ እንዳይደርስ ብዬ ነው ስራ አቁሜ የምጽፍልሽ።

1. እንጨት እዛው እናገኛለን እንዳትዪ። የምታገኚው ባህር ዛፍ ነው፣ እርጥቡና ቅጠል ያለበት ደግሞ ቅባት አለው፣ ጉንፋን ሲይዘን አፍልተን የምንታጠነው እኮ እሱን ነው። እኔ ይሄን እያወቅኩ ቸኩዬ አንድደን እንስራ አልኩ፣ እሳቱ ቦግ አለ፣ አፕሎቹን በፎይል ጠቅልዬ ነበልባሉ ላይ ደረደርኳቸው፣ በሃያ ደቂቃ ፎይሉ ተበሳስቶ ስኳሩ አሮ ውጪው ከሰል ውስጡ ጥሬ። የእህቴ ልጅ አንድ ጉርሻ ቀምሳ "መድሃኒት ነው" ብላ ተፋችው። ስምንት የጨንቻ አፕል፣ ቅቤው፣ ማሩ፣ ሁሉም ገደል ገባ። ስለዚህ ከሰል ከአዲስ አበባ ይዘሽ ውጪ፣ አንድ ፌስታል ይበቃል።

2. ቦታውን በስልክ ጠይቀሽ ብቻ እንዳትሄጂ። መጀመሪያ የሄድነው ደን ያለበት ቦታ ነበር፣ ደውዬ እሳት ይቻላል ተብያለሁ፣ በር ላይ ለሰውም ለመኪናም ከፈልን፣ ገብተን ዕቃ ካወረድን በኋላ ቢሮው ያለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳን ሳያየኝ "እሳት ክልክል ነው፣ ማን ፈቀደልህ?" አለኝ። በስልክ ነው ስለው ስሙን አምጣ አለ፣ ብሬን መልሱልኝ ስል ደረሰኝ ተቆርጧል አይመለስም። እናቴ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ እየጠበቀችኝ! ክልከላው አይደለም ያናደደኝ፣ ደን ነው መጠበቅ አለበት፣ ግን ከመክፈሌ በፊት በር ላይ የቆመው ሰው መናገር አይችልም ነበር? አንቺ ገና ሳትከፍዪ እሳት የሚነድበትን ቦታ በጣትህ አሳየኝ በይው።

3. ፍም እንጂ ነበልባል አይደለም፣ ይሄንን ያስተማሩኝ በኋላ ግቢያቸውን የፈቀዱልን አንዲት እናት ናቸው። ያረረውን አፕል አይተው ምንም አላሉኝም፣ ከቤታቸው ከሰል አምጥተው አቀጣጠሉና ከላዩ ነጭ አመድ እስኪለብስ ጠበቁ፣ ከዛ ፍሙን በእንጨት ወደ ጎን ገፋ አድርገው እሳት ሳይነካቸው የቀሩንን ሁለት አፕሎች ልክ ድንች እንደሚቀበረው ረመጡ ውስጥ ቀበሯቸው። ግማሽ ሰዓት ገደማ። ሲከፈት ቆዳው ተጨማዶ ቀረፋው ሸተተን፣ ማንኪያው ዝም ብሎ ነው የሚገባው።

አሰራሩ በቃ ይሄ ነው፦ አፕሉን መሃሉን ትቦረቡሪዋለሽ፣ ታችኛውን ግን እንዳትበሺው ይፈስብሻል፣ ቅቤ ስኳር ቀረፋ፣ የሚጾም ካለ ቅቤውን ተዪው፣ ፎይሉን ሁለት ድርብ። እጅሽን ከፍሙ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገሽ እስከ አራት አምስት መቁጠር ከቻልሽ ሙቀቱ ልክ ነው፣ ከሁለት ካላለፍሽ ገና ነው ጠብቂ። ሙዝ ከነልጣጩ በቁመቱ ሰንጥቀሽ ብስኩት ፈርፍረሽበት ፍሙ ዳር ታስቀምጫለሽ፣ ልጣጩ ሲጠቁር ደርሷል። ማር መጨረሻ ላይ ነው፣ ቀድመሽ ካፈሰስሽ ያርና ይመራል። ኮክ ወይም ፕሪም በድስት ልቀቅል ካልሽ ደግሞ ከቤትሽ ረዘም ያለ ጊዜ ያዢለት፣ እዛ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው የሚፈላው፣ ብርዱም አለ።

ስትጨርሺ ውሃ አፍስሰሽ አመዱን አማስይው፣ በእጅሽ ነክተሽ ቀዝቃዛ እስኪሆን። በበጋ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ባለበት ቦታ አንዲት ፍም ትበቃለች።

ዘንድሮ ጥር ላይ ተመልሼ እዛው እናት ግቢ 14 አፕል ሰርቻለሁ፣ አንድም አላረረም። ያቺ የተፋችው ልጅ ሁለት በልታ ሶስተኛውን በሳህን ይዛ ለእማማ ወሰደችላቸው።