«ክሬሙን ሳቆም ብጉሩ ብሶ ይመለሳል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ22 ዓመት ወጣት ነኝ፤ የምኖረው አዳማ ነው። ግንባሬና ጉንጬ ላይ ብጉር መውጣት ከጀመረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ጓደኛዬ የጠቆመችኝን ክሬም ስቀባ በሳምንት ውስጥ ፊቴ ጥርት ይላል። ሳቆም ግን ብሶ ይመለሳል። አሁንማ ጥቁር ጥቁር ምልክት ትቶብኛል። ቤተሰቦቼ «ደምሽ ቆሽሾ ነው፣ ስታገቢ ይለቅሻል» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከብጉሩ ይበልጥ ያሳሰበኝ ክሬሙ ነው። ስሙን አልጻፍሽልኝም። በሳምንት የሚያጠራ፣ ሲተዉት ደግሞ ብሶ የሚመለስ የፊት ክሬም ግን ብዙ ጊዜ ስቴሮይድ የሚባል መድኃኒት ያለበት ነው። ቱቦውን አገላብጠሽ አንብቢ። ቤታሜታሶን፣ ክሎቤታሶል ወይም ሞሜታሶን የሚል ካየሽ እሱ ነው።

እነዚህ መድኃኒቶች ለኤግዚማና ለመሳሰሉት የቆዳ ሕመሞች ሐኪም ሲያዝዛቸው ይጠቅማሉ። መቅላትንና እብጠትን ቶሎ ስለሚያጠፉ ፊት የዳነ ይመስላል። ቆዳንም ስለሚያፈኩ ይወደዳሉ። ሲቆዩ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፣ የደም ሥር ያሳያሉ፣ ፊት ላይ ፀጉር ያበቅላሉ። ከሁሉ የሚያሳዝነው ራሳቸው ብጉር ማውጣታቸው ነው። ሰው ያንን ለማጥፋት መልሶ ያንኑ ይቀባል። የተቀባሽው ለጥቂት ቀናት ብቻ ከሆነ ተይው። በየቀኑ ለወራት ከተቀባሽ ግን በአንዴ ሲቆም ፊት ሊቀላና ሊያቃጥል ስለሚችል የቆዳ ሐኪም እየተከታተለሽ ብታቆሚ ይሻላል።

ደምሽ አልቆሸሸም። ከጉርምስና ጀምሮ ሆርሞኖች የቆዳን የወዝ እጢ ያነቃቃሉ። ወዙ ከሞቱ የቆዳ ሴሎች ጋር ተቀላቅሎ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። እዚያ ውስጥ ባክቴሪያ ይራባል፤ ከዚያ መቅላቱ፣ እብጠቱና መግሉ ይመጣል። ብጉር በዘርም ይወረሳል። ትዳር አያድነውም። ዕድሜ ሲጨምር ብዙዎችን ይተዋቸዋል፤ እስከ ሠላሳዎቹ የሚቆይባቸው ሴቶችም አሉ።

ግንባርሽ ላይ ስለሚወጣው አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ፀጉርሽን ቅቤ ወይም ሌላ ቅባት ትቀቢያለሽ? ወደ ግንባር የሚወርድ ቅባት ቀዳዳ ይደፍናል። ተይው አልልሽም። ከፀጉርሽ መስመር ራቅ አድርገሽ ተቀቢ፤ የምትተኚበትን ሻሽና የትራስ ልብስም ቶሎ ቶሎ እጠቢ። በርበሬና ዘይት ብጉር ያወጣሉ የሚባለው ብዙም መሠረት የለውም። ጣፋጭና ለስላሳ መጠጥ ግን ማብዛት በአንዳንድ ሰው ላይ ያባብሰዋል።

አሁን ወደ ሕክምናው። ፊትሽን ጠዋትና ማታ ለስላሳ በሆነ ሳሙና፣ ሳትፈትጊ ታጠቢ። ማታ ፊትሽ ሲደርቅ የቆዳ ቀዳዳ እንዳይደፈን የሚረዳውን አዳፓሊን 0.1 በመቶ ክሬም፣ የአተር ፍሬ የምታህል፣ ብጉር ያለበትን ቦታ ሁሉ ስስ አድርገሽ ቀቢ። መጀመሪያ አንድ ማታ እየዘለልሽ ይሁን፤ ትንሽ መድረቅና መላጥ ያለ ነው። ነፍሰ ጡር ከሆንሽ ወይም ለማርገዝ ካሰብሽ ግን አትጀምሪው። ጠዋት ባክቴሪያውን የሚገድል ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ 2.5 በመቶ መጨመር ይቻላል፤ ልብስና ፎጣ ስለሚያነጣ ተጠንቀቂ። ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ብዙዎች በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጠው ይተዉታል። እባክሽ አንቺ አትተይው። አንቲባዮቲክ ግን በራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ።

ጥቁሩ ምልክት በአብዛኛው ጠባሳ አይደለም። የእኛ ቆዳ ከተቆጣ በኋላ ይጠቁራል፤ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይለቃል። ፀሐይ ስለሚያጠቁረው ቅባት የማይበዛበት፣ የመከላከል ቁጥሩ (SPF) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ የፀሐይ መከላከያ ተቀቢ። ብጉሩን አታፍርጪው። ሎሚና የጥርስ ሳሙናም አታስነኪው፤ ያቃጥላሉ፣ ሌላ ጥቁረት ይጨምራሉ።

የወር አበባሽ ይዛባል? አገጭሽ ላይ ፀጉር ይበዛል? እንዲያ ከሆነ ሆርሞንሽ መታየት አለበት። የመርፌ ወይም ክንድ ውስጥ የሚቀበር የወሊድ መከላከያ የምትጠቀሚ ከሆነም ለሐኪም ንገሪ፤ አንዳንድ ሴቶች ላይ ብጉር ያባብሳል።

የሚያም ጠጣር እብጠት ካለሽ፣ ጎድጎድ ያለ ጠባሳ ካየሽ ወይም በሦስት ወር ካልተሻለሽ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። አዲስ አበባ ያለው አለርት ሆስፒታል ለቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ለከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባል እንክብል አለ፤ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ሐኪም ክትትልና ያለ አስተማማኝ የወሊድ መከላከያ አይወሰድም። ስትሄጂ የክሬሙን ቱቦ፣ ባዶም ቢሆን፣ ይዘሽ ሂጂ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።