«አስከትቤው ነበር፤ ታዲያ ለምን አስቀመጠው?»

ዝናቡ ቆሞ ብርዱ ሲገባ የዚህ ዓምድ የመልእክት ሳጥን በአንድ ጉዳይ ይሞላል፤ በሕፃናት ተቅማጥ። ሰሞኑን ከደረሱኝ መካከል ስለ ሮታ ቫይረስና ስለ ክትባቱ የሚጠይቁትን መርጫለሁ። ረጃጅሞቹን አሳጥሬያለሁ፤ ቁጣውን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ፣ የእናት ቁጣ መረጃ ነውና።

«ሲስተር፣ ልጄ በ6ና በ10 ሳምንቱ የሮታ ጠብታ ወስዷል፤ ካርዱ እጄ ላይ ነው። በ11 ወሩ ግን አስመለሰው፣ አስቀመጠው። ሲመረመር ሮታ ነው ተባልኩ። ለመሆኑ የሰጡት ውኃ ነው?» (እናት፣ ከሀዋሳ)

ውኃ አይደለም። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ ግን እግረ መንገድዎን የጻፉት አንድ ነገር አለ፦ «በሦስተኛው ቀን ዳቦ ጠየቀኝ» ይላሉ። ክትባቱ የተሠራው ለዚያች ዳቦ ነው፤ ቫይረሱ ፈጽሞ እንዳይይዘው ሳይሆን ቢይዘውም እንዳይጠናበት።

ሮታን ፈጽሞ የሚያመልጥ ልጅ የለም ማለት ይቻላል። በሀብታም አገርም በድሃ አገርም 5 ዓመት ሳይሞላው ቢያንስ አንድ ጊዜ ይይዘዋል፤ ንጽሕና ብቻውን አያስቆመውም። ልጅን የሚጥለው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው መያዝ ነው። በሜክሲኮ ከተማ 200 ሕፃናትን ከውልደታቸው እስከ 2 ዓመታቸው የተከታተሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1996 ያሳተሙት ጥናት ይህንን በግልጽ አሳይቷል። አንድ ጊዜ በቫይረሱ የተያዘ ልጅ ዳግም በሮታ ተቅማጥ የመታመም ዕድሉ በ77 በመቶ ቀነሰ፤ ሁለት ጊዜ የተያዘው በ83 በመቶ። ሁለት ጊዜ ከተያዙት መካከል ደግሞ ከዚያ በኋላ ከበድ ያለ የሮታ ተቅማጥ የያዘው አንድም አልተገኘም። ሁለቱ ጠብታዎች የእነዚያን ሁለት ሕመሞች ቦታ ይተካሉ፤ ልጁ ሳይታመም ሰውነቱ ትምህርቱን እንዲያገኝ ነው።

አሁን የማይወደደውን ልንገርዎት። ክትባቱ በእኛ ዓይነት አገሮች የሚሰጠው መከላከያ በአውሮፓ ከሚሰጠው ያነሰ ነው። በደቡብ አፍሪካና በማላዊ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 ሲታተም፣ ከባድ የሮታ ተቅማጥን በደቡብ አፍሪካ 77 በመቶ ያህል፣ በማላዊ ደግሞ 49 በመቶ ያህል ቀንሶ ነበር። ለልዩነቱ የሚጠረጠሩት ብዙ ናቸው፦ የምግብ እጥረት፣ በሌሎች ተሕዋስያን የተጨናነቀ አንጀት፣ ከእናት የሚወረስ መከላከያ ጠብታውን ማዳከሙ፣ አብሮ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ።

«ግማሽ ብቻ?» ብሎ ለሚያዝን ሰው ግን ከዚያው ጥናት ሌላ ቁጥር አለ። ከተከተቡ 100 ሕፃናት በዓመት ያስቀረው ከባድ ሕመም በደቡብ አፍሪካ 4.2፣ በማላዊ 6.7 ነበር። በመቶኛ ያነሰበት አገር ብዙ ልጆች ተረፉበት፤ ምክንያቱም በሽታው እዚያ ይበዛል። እኔ በሕፃናት ክፍል ስሠራ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ሲያለቅስ እንባ አጥቶ የሚመጣውን ልጅ ነበር የምፈራው። የእርስዎ ልጅ ቤቱ ሆኖ ዳቦ ጠየቀ።

«የላቦራቶሪ ተማሪ ነኝ። ሮታሪክስ የሚባለው የሮታ ክትባት የተሠራው ከጂ1ፒ8 ዝርያ ብቻ ነው። በአፍሪካ ግን ጂ2፣ ጂ8፣ ጂ9፣ ጂ12 ሁሉ ይገኛሉ። የማይመሳሰል ቁልፍ ይዘን በር እየከፈትን አይደለም?» (ከጎንደር)

ይህ ጥያቄ ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልዘርዝረው። ቫይረሱን እ.ኤ.አ. በ1973 ሜልቦርን ውስጥ ሩት ቢሾፕና ባልደረቦቿ ከታመሙ ሕፃናት አንጀት በተወሰደ ናሙና ላይ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲያዩት የጋሪ ጎማ ይመስል ነበር። ስሙም ከዚያ መጣ፤ «ሮታ» በላቲን ጎማ ነው። ጎማው ላይ ሁለት የውጭ ፕሮቲኖች አሉ፦ እንደ ልብስ የሚሸፍነው «ጂ»ን፣ እንደ እሾህ የሚወጣው «ፒ»ን ይሰጣል። ጂ1ፒ8 ማለት የልብሱና የእሾሁ ዓይነት አንድ ላይ ሲጻፍ ነው። የዘር ቅንጣቱ በ11 ቁርጥራጭ ስለተከፋፈለ፣ ሁለት ዝርያዎች አንድ ሕዋስ ውስጥ ከተገናኙ እንደ ካርታ ይበወዛሉ። የዝርያው ብዛት የሚመጣው በከፊል ከዚህ ነው።

ታዲያ ቁልፉ ለምን ይሠራል? አንደኛ፣ ጂ3፣ ጂ4፣ ጂ9ና ጂ12 ብዙ ጊዜ የሚለብሱት ያንኑ ፒ8 እሾህ ነው፤ ልብሱ ቢለወጥም እሾሁ የሚታወቅ ነው። ሁለተኛ፣ ከልብሱ ሥር ያለው የውስጥ ፕሮቲን በዝርያዎቹ መካከል ብዙም አይለያይም፣ ሰውነትም እሱን ይማራል። በደቡብ አፍሪካና በማላዊው ሙከራም በጂ1 ላይና በሌሎቹ ላይ የታየው መከላከል የተቀራረበ ነበር። የማላዊ ውጤት ዝቅ ያለው በዝርያ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ልዩነቱ እዚህ ላይ ጎልቶ መታየት ነበረበት።

ጥያቄዎ የሚከብደው ጂ2ፒ4 ላይ ነው፤ ይህ ልብሱንም እሾሁንም የማይጋራ ነው። ብራዚል እ.ኤ.አ. በ2006 ክትባቱን ስትጀምር ጂ2ፒ4 አገሩን ሞላው፤ ብዙ ሰውም «ክትባቱ በሩን ከፈተለት» አለ። ይሁንና በዚያው ወቅት ክትባቱን ገና ባልጀመሩ የአካባቢው አገሮችም ጂ2ፒ4 እየበዛ ነበር። ዝርያዎች ያለ ክትባትም በየዓመቱ ተራ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ ከክትባት በኋላ አዲስ ዝርያ በዛ ብሎ ክትባቱን ከመወንጀል በፊት ከክትባቱ በፊት የነበሩ የብዙ ዓመት ናሙናዎችን ማየት ያስፈልጋል። የሰገራ ናሙና ሲመጣልዎት በሰነፍ እጅ አይያዙት፤ ያ ናሙና ነው ነገ ለዚህ ጥያቄ የሚመልሰው።

«ልጄ 8 ወሩ ነው፣ ያስቀምጠዋል። አማቴ ‹ጥርስ ሊያበቅል ነው፣ ይተወዋል› ትላለች። የሰፈሩ ሰው ደግሞ እንጥሉን አስቆርጪ ይለኛል።» (ከደሴ)

ለአማትዎ አክብሮቴን ያድርሱልኝ፤ ጥርስ ግን ሰገራ አያቀጥንም። በዚያ ዕድሜ ልጁ መዳህ ይጀምራል፣ ያገኘውን አፉ ውስጥ ይከታል፣ ጥርሱም በአጋጣሚ በዚያው ወራት ይመጣል። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደግሞ በደም መፍሰስና በመመረዝ የሚገድል ነው፤ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልደራደርም።

«አንቲባዮቲክ ገዛሁለት፣ አልቆመም። ኦ አር ኤሱን ስሰጠው ያስመልሰዋል።» (አባት፣ ከአዳማ)

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም፤ ሰገራው ደም ካለበት ሐኪም ያዝለታል፣ ከዚያ ውጭ ገንዘብዎን ይቆጥቡ። የተቅማጥ ማቆሚያ ኪኒንም ለሕፃን አይሰጥም።

ኦ አር ኤሱን እንዲህ ያድርጉት። ባለ 1 ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ በፈላና በቀዘቀዘ ውኃ ይሙሉ፤ የ1 ሊትሩን ከረጢት ሙሉውን ይጨምሩ፣ ግማሹን ለነገ አያስቀምጡ፤ ስኳርም አይጨምሩበት። ከ24 ሰዓት በኋላ የተረፈውን ይድፉት። ዕድሜው ከ2 ዓመት በታች ከሆነ ከእያንዳንዱ ቀጭን ሰገራ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ይጠብቁና በሻይ ማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ። ጤና ጣቢያ ስንሠራ እናቶችን በማንኪያና በብርጭቆ ብቻ አስቀምጠን ከ4 ሰዓት በኋላ ልጁ ዓይኑን ሲገልጥ ያየንበት ጊዜ ብዙ ነው። ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን ይስጡት፤ ከ6 ወር በታች በቀን 10፣ ከዚያ በላይ 20 ሚሊ ግራም። ተቅማጡ ቢቆምም አያቋርጡት።

የሆዱን ቆዳ በሁለት ጣት ቆንጠጥ አድርገው ይልቀቁ። ቀስ ብሎ ከተመለሰ፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው ወይም ከፈዘዘ ወዲያውኑ ወደ ጤና ተቋም።

«ክትባቱ አንጀት ያጣጥፋል የሚባለው እውነት ነው?» (ከአዲስ አበባ)

መነሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ1998 አሜሪካ ሮታሺልድ የሚባል ክትባት ጀምራ ነበር፤ ከ10,000 ሕፃናት 1 ያህሉ ላይ አንጀት በአንጀት ውስጥ የመግባት ችግር ስለታየ በዓመቱ ተቋረጠ። አሁን ያሉት ከእሱ የተለዩ ናቸው። በአሜሪካና በአውስትራሊያ በነዚህም ጥቂት ተጨማሪ ሕመሞች ታይተዋል፤ ከ100,000 ሕፃናት በነጠላ ቁጥር የሚቆጠሩ። ኢትዮጵያን ጨምሮ በ7 የአፍሪካ አገሮች ሮታሪክስ ላይ በተደረገው ክትትል ግን የጨመረ አደጋ አልተገኘም። ከክትባት በኋላ ልጁ በየመሃሉ እየጮኸ እግሩን ወደ ሆዱ የሚሰበስብ፣ ደም ያለበት ሰገራ የሚያወጣ ከሆነ አይጠብቁ። ከዚህ በፊት ይህ ችግር የነበረበት ልጅ ጠብታውን አይወስድም።

«ጠብታውን ሲወስድ ጡት ላቋርጥ?» (ከባሕር ዳር)

አያቋርጡ፤ ጥቅም የለውም።

«ልጄ አዲስ አበባ ተወልዶ በ6 ሳምንቱ አንድ ጠብታ ወስዷል። አሁን ቨርጂንያ ነን፣ 4 ወር ሆኖታል። እንደገና ይጀመር?» (ከቨርጂንያ)

እንደገና አይጀመርም፣ ይቀጥላል። ኢትዮጵያ በ2006 ዓ.ም. የጀመረችው በሁለት ዶዝ በሚያልቀው ሮታሪክስ ነው። አሜሪካ ውስጥ ያንኑ ካገኙ አንድ ይቀረዋል። ክሊኒኩ ያለው ሮታቴቅ የሚባለው ሌላው የሮታ ክትባት ከሆነ፣ ወይም የመጀመሪያው የትኛው እንደሆነ ካልታወቀ፣ ድምሩ ሦስት መሆን አለበት። በሁለት ጠብታዎች መካከል ቢያንስ 4 ሳምንት ይቆያል። በአሜሪካ መመሪያ 8 ወር ከሞላው በኋላ አይሰጥም፤ ስለዚህ ጊዜ የለዎትም፣ በዚህ ሳምንት ይሂዱ። የእኛ ካርድ ላይ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው «ሮታ 1» ብቻ ነው፤ ወደፊት ለሚጓዙ፣ የክትባቱን ሙሉ ስም ከጎኑ እንዲጽፉልዎ ክትባት ሰጪዋን ይጠይቋት፣ ካርዱንም ከፓስፖርቱ ጋር ያስቀምጡት።