ስሙ አንድ ቢሆንም ፈቃዱ ለየብቻ ነው

ለገጣፎ ካለው ቅርንጫፍ 10ኛ ክፍልን የጨረሰች ልጅዎ አያት ባለው የዚያው ትምህርት ቤት ቅርንጫፍ 11ኛ ክፍል ስትገባ እንደ ነባር ተማሪ ትቆጠር እንደሆነ ጠይቀዋል። የምትገባው በዝውውር ነው፤ ባለቤቱ አንድ ቢሆንም ለገጣፎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ሆኖ የኦሮሚያን የትምህርት መዋቅር ሲከተል፣ አያት ግን የአዲስ አበባ ነው። ስለዚህ የመሸኛ ደብዳቤ፣ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ትራንስክሪፕት እንዲሁም የ8ኛ ክፍል ፈተና ውጤቷን ይያዙ።

«መሰናዶ» የሚለው ስም ግር እንዳይልዎ። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 11ኛንና 12ኛን ለከፍተኛ ትምህርት መዘጋጃ አድርጎ ከ10ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና በኋላ አስቀመጣቸው፤ በደርግ ዘመን ተዘግቶ ለነበረው የግል ባለሀብትም በር ከፈተ። ብዙዎቹ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ትምህርት ቤቶች ከመዋዕለ ሕፃናት ተነሥተው በየዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመሩ እዚህ የደረሱት ከዚያ ወዲህ ነው። ዛሬ የ10ኛ ክፍል ፈተና ቀርቶ ከ9ኛ እስከ 12ኛ አንድ እርከን ቢሆንም ስሙ በየበሩ ላይ ቀርቷል።

ክፍያ ከመፈጸምዎ በፊት ግን የዚያኑ ቅርንጫፍ ፈቃድ አይተው 11ኛና 12ኛ ክፍል በግልጽ መጻፋቸውን ያረጋግጡ፤ የዋናው ግቢ ፈቃድ አይበቃም። የእኔ ልጅ የተማረበት ቅርንጫፍ ፈቃዱ ሳይደርስ 11ኛ ክፍል ከፍቶ ስለነበር፣ ዓመቱ ሳይጋመስ ልጆቹን ወደ ሌላ ግቢ ወስዶብን በየቀኑ ሁለት ታክሲ እያሳፈርን ለመጨረስ ተገደናል።