መውለድ ሳንፈልግ ለምን እናቆማለን?

እህቴ፣ «ጓደኛዬ የወሊድ መቆጣጠሪያዋን አቆመች፤ ልጅ ግን አሁን አትፈልግም። ታዲያ ሴቶች ለምን ያቆማሉ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም አቁሜ ስለማውቅ የራሴን ልንገርሽ።

የጀመርኩት በሦስት ወር መርፌ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላኝ ደም ማየት ጀመርኩ። ብዙ አይደለም፣ ጠብ ጠብ ነው። ግን አያቆምም። ካላንደር ላይ በየቀኑ ነጥብ አደርግ ነበር፤ 23 ነጥብ ሞላ። ከጥቁር ቀሚስ ሌላ መልበስ ተውኩ። ከወንበር በተነሳሁ ቁጥር ዞር ብዬ የተቀመጥኩበትን አያለሁ። ከሁለተኛው መርፌ በኋላ ደግሞ ደሙ ጭራሽ ጠፋ። ይሄኛው ባሰብኝ። ውስጤ እየተጠራቀመ ነው ብዬ እንቅልፍ አጣሁ። ለሦስተኛው ቀጠሮ አልሄድኩም።

ለካ ደም የሚባል ነገር አይጠራቀምም! መርፌው የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ስለሚያሳሳው የሚወርድ ነገር አይኖርም። ጠብ ጠቡም በመጀመሪያዎቹ ወራት የተለመደ ነው፤ ካስቸገረ ደግሞ የሚታዘዝለት መድኃኒት አለ። ይህን ለመንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር። የወጋችኝ ባለሙያ ግን የቀጠሮ ካርድ ሰጥታ ሸኘችኝ። እስካሁን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ባል ስለተቃወመ የምታቆም አለች፣ ፒል መዋጥ እየረሳች የምትተወው አለች። «መካን ያደርጋል» የሚለው ወሬ ያስፈራትም ብዙ ነች። መርፌው ሲቆም እርግዝና ይዘገያል፤ ከመጨረሻው መርፌ ጀምሮ በአማካይ 10 ወር ገደማ ሊወስድ ይችላል። መዘግየት ግን መካንነት አይደለም። ፒል፣ ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው ሉፕና ክንድ ላይ የሚቀበረው ደግሞ እንደቆሙ ቶሎ ማርገዝ ይቻላል። ስለዚህ ጓደኛሽ «ገና ነው» ብላ እንዳትዘናጋ።

እኔ በኋላ ወደ መዳብ ሉፕ ቀየርኩ። ሆርሞን የለውም፣ 10 ዓመት ይሠራል። ያስገባችልኝ ነርስ «የወር አበባሽ ሊበዛ፣ ቁርጠትም ሊኖርሽ ይችላል። ካልተስማማሽ በማንኛውም ቀን ነይ፣ አወጣልሻለሁ» አለችኝ። ቁርጠቱ እውነትም መጣ። ግን አልደነገጥኩም፤ አውቀው ነበራ።

ጓደኛሽን «ለምን አቆምሽ?» ብለሽ አትቆጫት። «ምን አስቸገረሽ?» በያት። ሌላ መቀየር እንደምትችል ንገሪያት፣ ከፈቀደችም አብረሻት ሂጂ። እስከዚያው ኮንዶም ይጠቀሙ።