ስንት ኢንች ይጥላል? የዲሲ አካባቢ በረዶ ትንበያ፦ ጥያቄና መልስ

በረዶ ሊመጣ ነው የሚል ወሬ በተሰማ ቁጥር ስልኬ ዕረፍት የለውም። ሁሉም የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ "ስንት ኢንች?" እኔ መልሼ የምጠይቀው ደግሞ ሌላ ነው፦ "ሰፈርህ የት ነው? በስንት ሰዓት ትወጣለህ?" በፈቃደኝነት በረዶ የምለካ፣ የትንበያ ካርታ ላይ ሳፈጥ የማመሽ ሰው ነኝ። በሙያዬ ትንበያ ሰጪ አይደለሁም። ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ያላችሁ ጥያቄያችሁን አምጡ። ሚኒሶታና ዴንቨር ያላችሁ ይቅርታ አድርጉልኝ፤ የእናንተ በረዶ ጸባዩ ሌላ ነው።

ጥ፦ ጋሼ፣ ስልኬ ሰኞ ዕለት 14 ኢንች አለኝ። ማክሰኞ 3፣ ረቡዕ 8። የቱን ልመን? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

የቱንም አትመን። ስልክህ ላይ የምታየው ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ሰው ያላየው ነው። ኮምፒውተር ያወጣውን እንዳለ ይለጥፉታል። ጂኤፍኤስ የሚባለው የአሜሪካው ሞዴል በቀን አራት ጊዜ እንደ አዲስ ይሰላል። በአንዱ ስሌት በረዶ የሚያመጣው የአየር ማዕበል ወደ ባሕሩ ይሸሻል፣ በሌላው ወደ የብስ ይጠጋል፤ የስልክህም ቁጥር አብሮ ይዘላል።

አምስት ቀን ሲቀረው ማወቅ የሚቻለው "የሆነ ነገር ሊመጣ ይችላል" የሚለውን ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ስለ ኢንች የሚያወራ ሰው ወይ ጠቅታ ፈልጓል ወይ ወሬ ይወዳል። የመጨረሻው ሁለት ቀን ሲደርስ የመንግሥቱን የአየር ትንበያ መሥሪያ ቤት፣ ናሽናል ዌዘር ሰርቪስን ክፈት። የኛን አካባቢ የሚተነብየው ቢሮ ስተርሊንግ ቨርጂኒያ ነው፣ ደለስ ኤርፖርት አጠገብ። እነሱ ሦስት ካርታ ያወጣሉ፦ የሚጠበቀው፣ ዝቅተኛውና ከፍተኛው። ከዝቅተኛው በታች የመውረድ ዕድሉ ከአሥር አንድ ነው። ከከፍተኛው በላይ የመሄዱም እንዲሁ። የሚጠበቀው 5፣ ዝቅተኛው 1፣ ከፍተኛው 11 ከሆነ ትንበያ ሰጪው ራሱ ገና አልለየለትም ማለት ነው። 4፣ 5፣ 7 ከሆነ ግን አካፋህን ከምድር ቤት አውጣ።

ጥ፦ ቴሌቪዥኑ ዲሲ ይህን ያህል ጣለ ይላል፣ እኛ ደጅ ያለው እጥፉ ነው። ማን ነው የሚያወናብደን? (ከሄርንደን)

ማንም አያወናብድህም። በዜና የሚነገረው የዲሲ ቁጥር የሬገን ናሽናል ኤርፖርት ነው። ሬገን ፖቶማክ ወንዝ ዳር የተቀመጠ፣ ከባሕር ጠለል ጥቂት ሜትር ብቻ ከፍ ያለ ቦታ ነው። ወንዙም ከተማውም ያሞቁታል። ፌብሩዋሪ 2010 "ስኖማጌዶን" የተባለው ሲጥል ሬገን 17.8 ኢንች ለካ፣ ደለስ 32.4። ጃንዋሪ 2016 ሬገን አሁንም 17.8፣ ደለስ 29.3። በመኪና አንድ ሰዓት በማይሞላ መንገድ ላይ ይህን ያህል ልዩነት!

የ2016ቱ የሬገን ቁጥር ጭቅጭቅም አስነስቷል። በረዶው የሚለካበት ሰሌዳ በረዶው ውስጥ ተቀብሮ ጠፍቶባቸው ነበር። ጉዳዩ ተመረመረና ቁጥሩ እንዳለ ጸደቀ። እኔ ግን አሁንም ሆዴ አያምነውም።

ጥ፦ እኔ አሌክሳንድሪያ ነኝ፣ ወንድሜ ጀርመንታውን። እሱ በረዶ ሲጠርግ እኔ ዝናብ እያየሁ ቡና አፈላለሁ። ለምን? (ከአሌክሳንድሪያ)

እህቴ፣ የዚህ አካባቢ ትንበያ ሙሉ ጣጣው ያው ነው። ትልቁ በረዶ የሚመጣልን ከካሮላይና ዳርቻ ተነስቶ ባሕሩን ይዞ ወደ ሰሜን በሚወጣ ማዕበል ነው። ማዕበሉ ከአትላንቲክ ሞቃት አየር ይዞ ይመጣል። ከካናዳና ከኒው ኢንግላንድ በኩል ደግሞ ቀዝቃዛ አየር ይወርዳል፣ የአፓላቺያን ተራራ ወደ ምዕራብ እንዳያልፍ ይዘጋበታልና እኛው ላይ ይጠራቀማል። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር ብዙ ጊዜ የ95ን አውራ ጎዳና ተከትሎ ይተኛል። ከመንገዱ ምሥራቅ ዝናብ፣ ከምዕራቡ በረዶ። አንቺ ወንዝ ዳር ነሽ። ወንድምሽ ከፍታ ላይ ነው፣ ከውሃውም የራቀ ነው።

ማዕበሉ ከታሰበው መንገድ ጥቂት ማይል ብቻ ወደ የብስ ከተጠጋ መስመሩ አንቺን አልፎ ወንድምሽ ጋ ይደርሳል። በጣም ወደ ባሕሩ ከሸሸ ደግሞ ሁላችሁም ደረቅ ሰማይ ታያላችሁ። ስለዚህ "ስንት ኢንች" ከማለትሽ በፊት "መስመሩ የት ነው የተባለው" በይ። መስመሩ ሩቅ ከሆነ ቁጥሩን ማመን ይቻላል። ሰፈርሽ ላይ ከተኛ ግን ቁጥሩ ግምት ነው።

ጥ፦ ትምህርት ቤት ይዘጋል? (ሦስት ልጆች ያሏት እናት)

እኔ የምተነብየው በረዶ ነው፣ የትምህርት ቤት ኃላፊዎችን ልብ አይደለም።

ጥ፦ ኡበር እነዳለሁ። የምፈራው ትልቁን በረዶ ነው ወይስ ትንሹን?

ሰዓቱን ፍራ። ጃንዋሪ 20 ቀን 2016 አንድ ኢንች ገደማ ብቻ ነው የጣለው። ነገር ግን ምሽት ላይ፣ ሰው ከሥራ ሲወጣ፣ በቀዘቀዘና ጨው ባልተረጨበት አስፋልት ላይ ጣለ። አካባቢው በሙሉ ለሰዓታት ተቆልፎ አመሸ። ቅዳሜ ሌሊት የሚጥል አምስት ኢንች ከዚያ ይሻላል።

ጃንዋሪ 3 ቀን 2022 ደግሞ ፍሬድሪክስበርግ አጠገብ 95 ላይ የሆነውን ታስታውሳለህ። በዝናብ ጀመረ። ዝናቡ ያጥበዋል ተብሎ መንገዱ አስቀድሞ ጨው አልተረጨበትም። ከዚያ ዝናቡ በድንገት ወደ ከባድ በረዶ ተቀየረና የጭነት መኪኖች ተንሸራተው መንገዱን ዘጉ። ሰዎች ከ24 ሰዓት በላይ መኪና ውስጥ ቆዩ። የቨርጂኒያው ሴናተር ቲም ኬይን ራሳቸው 27 ሰዓት ነው የፈጀባቸው። ትንበያው ላይ "በዝናብ ጀምሮ ወደ በረዶ ይለወጣል" የሚል ካየህ ያን ቀን ረጅም መንገድ አትቀበል። ከወጣህም ነዳጅ ሙላ፣ ብርድ ልብስና ውሃ ያዝ።

ጥ፦ 38 ፋራናይት እያለ በረዶ ይጥላል የሚሉን እንዴት ነው? 32 አይደል እንዴ?

አየሩ ደረቅ ከሆነ ይጥላል። ዲው ፖይንት የሚለውን ቁጥር እይ፣ አየሩ ምን ያህል እርጥበት እንደያዘ ይነግርሃል። ሙቀቱ 38፣ ዲው ፖይንቱ 20 ከሆነ መጀመሪያ የሚወርደው ነጠብጣብ እየተነነ አየሩን ያቀዘቅዘዋል። ከሻወር ወጥቶ ፎጣ ሳይነኩ የቆመ ሰው ለምን እንደሚንዘፈዘፍ ካወቅህ ገብቶሃል። በአንድ ሁለት ሰዓት ወደ 32 ሊጠጋ ይችላል። ሙቀቱ 38፣ ዲው ፖይንቱ 37 ከሆነ ግን ተስፋ ቁረጥ። ዝናብ ነው።

ጥ፦ በረዶ ተብሎ እንደ አሸዋ ያለ ነገር መስኮቱን ሲደበድበው አደረ። ጠዋት ሁለት ኢንች ብቻ። ምንድን ነው? (ከውድብሪጅ)

እሱ ስሊት ነው። ላይ በረዶ ሆኖ ይነሳል፣ መሃል ላይ ሞቃት አየር ያገኘውና ይቀልጣል፣ መሬት ሳይደርስ እንደገና ይጠጥራል። ሞቃቱ ንብርብር ብዙ ጊዜ ወደ 1500 ሜትር ከፍታ አካባቢ ነው ያለው። ደጃፍህ ላይ ያለው ቴርሞሜትር 28 እያለ እንኳ ይህ ይሆናል። ትንበያ የሚያበላሸውም እሱ ነው፣ ምክንያቱም ከመሬት ሆነህ አታየውም።

ሂሳቡን እይ። አንድ ኢንች ውሃ በአማካይ አሥር ኢንች በረዶ ይሆናል። በጣም ሲበርድና ደረቅ ሲሆን አሥራ አምስት ሊደርስ ይችላል። እርጥብና ከባድ ሲሆን አምስት ስድስት። ስሊት ሲሆን ግን ሁለት ወይም ሦስት ብቻ። የወረደው ውሃ ያው ነው። አንዳንድ ካርታ ስሊቱንም በአሥር እያባዛ በረዶ ብሎ ይቆጥረዋል። "18 ኢንች!" የሚሉት የፌስቡክ ካርታዎች ምንጫቸው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ጥ፦ እነዚህ ሰዎች ግን ሲያስፈራሩን ኖረው ዝናብ ነው የሚያመጡልን። ለምን እናምናቸው?

ማርች 6 ቀን 2013ን ማለትህ ነው መሰለኝ። የፌደራል መሥሪያ ቤቶች ተዘጉ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ዲሲ ውስጥ የወረደው አብዛኛው ዝናብ ነበር። ነገር ግን ያን ቀን ወደ ሸናንዶዋ ብትነዳ ከአንድ ጫማ በላይ ታገኝ ነበር። ማዕበሉ መጥቷል፣ እዚህ ታች ያለው አየር ነው ሊበርድ ያልቻለው። በተቃራኒው ጃንዋሪ 2000 ላይ ማዕበሉ ወደ ባሕሩ ሸሽቶ ያልፋል ተብሎ ሰው በሰላም ተኛ፣ ጠዋት በሩን ሲከፍት ከተማው ነጭ ሆኗል። ዛሬ ሞዴሎቹ ከያኔው በጣም ይሻላሉ። መስመሩ እኛው ላይ የሚተኛ መሆኑ ግን አልተለወጠም።

ጥ፦ አገር ቤትስ እንዲህ ያለ በረዶ አለ?

አዲስ አበባ በክረምት የሚወርደው ከነጎድጓድ ደመና የሚመጣ ጠጣር ነው፣ አፈጣጠሩ ፈጽሞ ሌላ ነው። ከ4500 ሜትር በላይ በሆነው ራስ ዳሸን ላይ ግን አልፎ አልፎ እውነተኛው ይጥላል።

ጥ፦ ለገና ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ቢጥልብንስ? 2025 ላይ ተጨንቀን ነበር።

ልክ ነሽ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 2025፣ በዋዜማው ነው የጣለው። መሄጃሽን ሳይሆን መመለሻሽን አስቢ። ቀን የቀለጠው ሌሊት ተመልሶ ይጠጥራል። ንጋት አካባቢ አስፋልቱ እርጥብ ይመስላል፣ ብላክ አይስ ነው። ድልድይ ከሌላው መንገድ ቀድሞ ይጠጥራል። ነጠላ ለብሳችሁ የምትሄዱ እናቶች በተለይ ከፓርኪንግ እስከ በሩ ያለውን እርምጃ ተጠንቀቁ። የሚወድቅ ሰው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚወድቀው።

ጥ፦ አንዴ መጣል ከጀመረ በኋላ ምን ልይ?

የትናንቱን ካርታ እርሳው። ራዳር ክፈትና ጠባብ፣ ረዘም ያለ ደማቅ ቀበቶ ፈልግ። ቀበቶው የቆመበት ሰፈር በሰዓት ሁለት ኢንች ሊያገኝ ይችላል፣ ጥቂት ማይል ርቆ ያለው ግማሽ ኢንች። ቀበቶው የት እንደሚቆም ከአንድ ቀን በፊት በእርግጠኝነት የሚነግርህ የለም። በየሰዓቱ የሚታደስ ኤች አር አር አር የሚባል ሞዴል አለ፣ ለቀጣዮቹ ጥቂት ሰዓታት እሱ ይረዳሃል።

ከዚያ ወጥተህ ጥቁር ጃኬት የለበሰ ክንድህን ዘርጋ። ስድስት ቅርንጫፍ ያለው ንጹሕ ኮከብ ካየህ ላይ ያለው ደመና በደንብ እየሠራ ነው፣ ቶሎ ይከመራል። እንደ ጥጥ የተጣበቁ ትልልቅ ቁራጮች ካየህ ሙቀቱ ለ32 ቀርቧል፣ ወደ ዝናብ ሊዞር ይችላል። ከበረዶው መሃል ጠጣር ፍሬ ጃኬትህ ላይ መንጠር ከጀመረ ደግሞ ሞቃቱ አየር ከላይ ገብቷል። ከዚያ በኋላ ብዙ አትጠብቅ።

ጥ፦ የሱቃችን ጣሪያ ጠፍጣፋ ነው። ያሰጋል? (ከአዳምስ ሞርጋን)

እዚያ ሰፈር መጠየቅህ ጥሩ ነው። ጃንዋሪ 1922 ዲሲ 28 ኢንች ጥሎባት ነበር፣ እስከ ዛሬ ያልተሰበረ ሪከርድ ነው። ያኔ 18ኛው ጎዳናና ኮሎምቢያ ሮድ መገናኛ ላይ የነበረው የኒከርቦከር ሲኒማ ቤት ጠፍጣፋ ጣሪያው ወድቆ 98 ሰው ሞተ። ኢንቹን ሳይሆን ክብደቱን እይ። በረዶው ላይ ዝናብ ከጨመረበት ውሃውን ይመጠዋል እንጂ አይወርድም። የውሃ መውረጃህ እንዳይደፈን ከወዲሁ አጽዳ። ጣሪያው ድምፅ ካሰማ ወይም በር አልዘጋ ካለ ሰው አስወጣ።

ጥ፦ እኔም መለካት ፈልጌያለሁ። እንዴት?

ነጭ ቀለም የተቀባ ጣውላ ከቤትና ከዛፍ ራቅ አድርገህ መሬት ላይ አስቀምጥ። ቦታውን በእንጨት ምልክት አድርግ፣ ሬገን ላይ የሆነው እንዳይሆንብህ። ማስመሪያ አቁመህ እስከ ኢንች አንድ አሥረኛ አንብብና ጥረገው። በየስድስት ሰዓቱ አንዴ ጥረግ እንጂ ከዚያ በላይ አትደጋግም፤ በየሰዓቱ እየጠረጉ መደመር ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ሣር ላይ አትለካ፣ ከሥሩ ባዶ ነው። የመኪና ኮፈን ላይ ለክተህ ፎቶ ከላክህልኝ ደግሞ መልስ አልሰጥህም።