የጤና ዓምድ፦ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተን እንዳንጠይቅ ለምን ተከለከልን?

ጥያቄ፦ አባቴ በሳንባ ምች ታመው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ገብተው በመተንፈሻ መሣሪያ ሲረዱ ሰንብተዋል። «መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያ ተገኝቶባቸዋል» ተብሎ ለብቻቸው ከተኙ ወዲህ፣ ከአንድ አስታማሚ በቀር ማንም እንዳይገባ ተከልክሏል፤ እህቴም ጋቢዋን አውልቃ ጋውን እንድትለብስ ታዘዘች። ከመንዝ ድረስ የመጡ ዘመዶቻችን ከበር ተመልሰው አዝነዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል? ቤት ሲመለሱስ ልጆቻችንን ያሰጋል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ያስፈልጋል። በዚህ ክፍል የሚተኛ ሕመምተኛ በጉሮሮው፣ በደም ሥሩና በሽንት መውጫው ቱቦ ስለሚገባለት ባክቴሪያው አቋራጭ መንገድ ያገኛል፤ ጠንካራ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች በብዛት የሚሰጡትም እዚያው በመሆኑ፣ ሌላው ሲሞት የተላመደው ተርፎ ይራባል። መድኃኒት ከተላመዱት ባክቴሪያዎች አንዱ የሆነው አሲኔቶባክተር በአልጋ ብረትና በመሣሪያ ቁልፎች ላይ ደርቆ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ጠርዙ አልጋውን እየታከከ የሚወጣ ጋቢም ይዞት ሊሄድ ስለሚችል፣ እህትዎ የታዘዙት ተገቢ ነው።

ከሕመምተኛ ወደ ሕመምተኛ በዋናነት የሚያሻግረው ግን እጅ ነው፤ የሐኪሙም፣ የነርሷም፣ የአስታማሚውም። እጅን በአልኮል ለማሸት ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውኃና በሳሙና ለመታጠብ ከ40 እስከ 60 ሰከንድ ይበቃል። ውኃው እንደ ደብረ ብርሃን ጠዋት ቢቀዘቅዝም ያው ያጸዳል። ጓንት ያጠለቀ ባለሙያ ስናይ ደግሞ ተጠንቅቆልናል ብለን እንረካለን፤ በእኔ እምነት ጓንት የሚከላከለውን ያህል ያዘናጋል። የአንዱን የሽንት ከረጢት በደፋበት ጓንት የሌላውን የደም ሥር ቱቦ ከነካ፣ ጓንቱ የጠበቀው ባለቤቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ጓንት በየሕመምተኛው መቀየር፣ እጅም ከማጥለቅ በፊትና ካወለቁ በኋላ መጽዳት አለበት። አስታማሚም «እጅዎን አጽድተዋል?» ብሎ በትሕትና ቢጠይቅ ነውር የለውም።

ጤነኛ ልጆችን የሚያሰጋው እምብዛም ነው፤ ከመጸዳጃ በኋላና ምግብ ከመንካት በፊት በሳሙና መታጠብ በቂ ነው። አባትዎ ሳይታመሙ ባክቴሪያውን ለወራት ተሸክመው ሊቆዩ ቢችሉም፣ ለዚህ ብቻ ተብሎ መድኃኒት አይሰጥምና ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጧቸው። ይልቁንም የሆስፒታሉን ማጠቃለያ ወረቀት አስቀምጡና፣ ወደፊት የትም ቢተኙ ገና ሲገቡ ለባለሙያዎቹ አሳዩ።