«ሦስት አምላክ» እና «ጥቁር ድንጋይ»፦ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሃይማኖት ክርክር ናቸው። በየስልኩ ያለውን የክርክር ቪዲዮ ላየ ሰው አይገርምም። የቻልኩትን ልመልስ።

ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ወጣት፦ ሰርቪስ ውስጥ ስንከራከር «ዐረብኛ ሳታውቅ አትናገር» ተባልኩ። ሌላውን ደግሞ «ግእዝ የት ታውቃለህ» አሉት። ይሄ አግባብ ነው?

እንደ ጥያቄው ነው። የተከራከራችሁት አንድ አንቀጽ ውስጥ ባለ ቃል ትርጉም ከሆነ፣ ቋንቋውን የተማረ ሰው ቢደመጥ ተገቢ ነው። አንተ ግን «ቅድም ያልከውና አሁን ያልከው ይጋጫሉ» ብለኸው ከሆነ፣ ያንን ለማየት ዐረብኛም ግእዝም አያስፈልግም። እዚህ ላይ «አታውቅም» ማለት ነገሩን ትቶ ሰውየውን መምታት ነው።

ጮክ ብሎ መከራከር የሎጂክ ስሕተት ነው?

አይደለም። ነውር ነው እንጂ።

ከሆጤ የጻፈች እህት፦ በእናቴ ሙስሊም፣ በአባቴ ክርስቲያን ዘመድ አለኝ። ባለፈው ቡና ላይ የአክስቴ ልጅ ስልኩን ይዞ «እናንተ ሦስት አምላክ ነው የምታመልኩት» አለ። ወንድሜም «እናንተስ ጥቁር ድንጋይ አይደል የምታመልኩት?» ብሎ መለሰ። በረካው ሳይጠጣ ሰው ተበተነ። ማን ነው ያጠፋው?

ሁለቱም። ሁለቱም የተከራከሩት እዚያ ቤት ውስጥ ካልነበረ ሰው ጋር ነው። በሎጂክ ትምህርት ይህ «የገለባ ሰው» ይባላል። የሌላውን እምነት ለመምታት እንዲመች አድርገህ ትሠራዋለህ፣ ከዚያ ትጥለዋለህ።

ወንድምሽ ቤተ ክርስቲያን የሚደግመው ጸሎተ ሃይማኖት «በአንድ አምላክ» እንደሚያምን ይናገራል። ሦስት አምላክ የሚል ትምህርት ቤተ ክርስቲያን ራሷ የምታወግዘው ነው። የአክስትሽ ልጅ ደግሞ የዑመርን ንግግር ሰምቶ ይሆናል። ኸሊፋው መካ ካዕባ ላይ ያለውን ጥቁሩን ድንጋይ ሲስሙ፣ ድንጋይ መሆኑን፣ እንደማይጠቅምና እንደማይጎዳ እንደሚያውቁ ተናግረዋል። የሳሙት ነቢዩ ሲስሙት ስላዩ ብቻ እንደሆነም ጨምረው ተናግረዋል። የሐዲስ ሰብሳቢው ቡኻሪ ዘግቦታል። ይህን የሚል ሰው ድንጋይ አምላኪ ነው ሊባል አይችልም።

እኔ ከክርክር በፊት የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሌላውን እምነት እሱ ራሱ «አዎ፣ እኔ የማምነው ይሄንኑ ነው» እስኪል ድረስ መናገር ትችላለህ? ካልቻልክ ገና አልጀመርክም። ይህ ከሩቅ አገር የመጣ ሥርዓት አይደለም። የእስልምናው ሊቅ ኢማም ገዛሊ ፈላስፎቹን ከመንቀፋቸው በፊት ሐሳባቸውን የሚያስረዳ መጽሐፍ ጽፈዋል። የእስክንድርያው ፓትርያርክ ቅዱስ ቄርሎስም ስለ ክርስቶስ ለተከራከረው ለንስጥሮስ የመለሰው የራሱን የንስጥሮስን ቃል እየጠቀሰ ነው። ሁለቱም ለዘብ ያሉ ሰዎች አልነበሩም፤ አምርረው የተከራከሩ ናቸው። ግን የሚቃወሙትን ነገር ፊት ለፊት አስቀምጠው ነው።

«ወሎ ላይ ሁላችንም አንድ ነን» ብሎ ማለፍንም አልወድም። ልዩነት አለ። አንዱ ኢየሱስ ሰው የሆነ አምላክ ነው ይላል፣ ሌላው ነቢይ እንጂ አምላክ አይደለም ይላል። ሁለቱም በአንድ ጊዜ ልክ ሊሆኑ አይችሉም። እውነተኛው ጥያቄ እሱ ነው፣ ለመወያየትም ይበቃል። በድንጋይና በቁጥር ስትናቆሩ ግን እሱ ጋ ሳትደርሱ ቡናው ይበርዳል። ስለዚህ ሁለቱን መልሰሽ ጥሪያቸው። ከመቀመጣቸው በፊት እያንዳንዱ የሌላውን እምነት ያስረዳ፤ ባለቤቱ «ልክ ነው» ሳይል አይቀጥል።

የታሪክ መምህር፣ ደሴ፦ ቦሩ ሜዳ ላይ በ1870 ዓ.ም. በተደረገው ክርክር በሎጂክ ያሸነፈው ማን ነው?

መምህር፣ ጥያቄዎን ወድጄዋለሁ፤ ግን እንዲህ ሊመለስ አይችልም። ጉባኤውን የጠሩት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ንጉሥ ምኒልክም ነበሩ። በተዋሕዶና በጸጋ ልጆች፣ ማለትም ስለ ክርስቶስ በሚለያዩ ሁለት የቤተ ክርስቲያን ወገኖች መካከል ክርክር ተደረገ፣ ለተዋሕዶ ተፈረደ። ያው ጉባኤ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁም አዋጅ አስከተለ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ራስ ሆኑ። የወሎውን የእስልምና መምህር ሸህ ጦልሃን የመሰሉ ደግሞ እምቢ ብለው ተነሡ።

ዳኛው ንጉሥ፣ የተረታውም ቅጣት የሚጠብቀው ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ዝም ያለው ሰው ለምን ዝም እንዳለ ማወቅ አይቻልም። የተዋሕዶ ትምህርት እውነት መሆን አለመሆኑ በራሱ ማስረጃ ይታያል። የተከራካሪው ዝምታ ግን ማስረጃ አይሆንም። ይህን የምለው ለጥንቱ ብቻ አይደለም። ዛሬ «መልስ አጥቶ ስልኩን ዘጋ» እያሉ የሚለጥፉ ልጆችም ይኸው ስሕተት ውስጥ ናቸው። ሰው ደክሞት፣ ፈርቶ ወይም ልጁ አልቅሶበት ስልክ ይዘጋል።

የሎጂክ ስሕተቶቹን ስም በሙሉ ሸምድጃለሁ። አሁን ማን ይችለኛል?

ስም መጥራት መልስ አይደለም። አንድ ልጅ «ጦሳ ተራራ ትልቅ ነው፣ ምክንያቱም አያቴ ብላለች» ቢል ማስረጃው ደካማ ነው። ጦሳ ግን ትልቅ ነው። የሰው ማስረጃ ወደቀ ማለት የተናገረው ነገር ሐሰት ነው ማለት አይደለም። መጀመሪያ ይሄን ሸምድድ።

አንዲት እናት፦ ልጄ ሌት ተቀን ስልክ ላይ ይከራከራል። ከሰሞኑ እንቅልፍ የለውም፣ አይበላም፣ «ድምፅ ይናገረኛል፣ እኔ ተመርጫለሁ» ይላል። ምን ብዬ ልመልስለት?

እናቴ፣ ይህ የክርክር ጉዳይ አይደለም። አይከራከሩት። ዛሬውኑ ሆስፒታል፣ የአእምሮ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። «ይለፍለት» አይበሉ። ጸበሉንም ዱዓውንም ይተዉ አልልም፤ ሐኪሙ ግን አይቅር። ራሱን ወይም ሌላ ሰው እንደሚጎዳ ከተናገረ ብቻውን አይተዉት፣ ሌሊትም ቢሆን ይዘውት ይሂዱ። ልጅዎን በስሙ ጠርተው፣ ቀስ ብለው፣ «እንቅልፍ አጥተሃልና እንታይ» ይበሉት። የሚያምነው ዘመድ ካለ አብሮ ይሂድ።

ሙስሊምና ክርስቲያን ብንጋባ ይፈቀዳል?

አንተ ሸህህን፣ እሷ የነፍስ አባቷን ጠይቁ። የሕጉን ደግሞ ጠበቃ ያውቃል።